ማሽኑ ካላየኝ አልከፈልሁም

መብራት የሄደው አንዲት ሴት ከፍላ ከወንበሩ እንደተነሣች ነው። ስክሪኑ ጠቆረ። ከጀርባዬ ያለው የፎቶኮፒ ማሽን ትንሽ አቃስቶ ዝም አለ። ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አሉ። ውርጌሳ ላይ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። «ኤጭ» ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል።

እኔም አልደነገጥኩም። እያንዳንዱ ሰው በከፈለ ቁጥር ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አረንጓዴውን ቀለም የመረጥኩትም ራሴ። «አብሽሩ፣ ሁሉም ተቀምጧል» አልኳቸው።

ውርጌሳን ለማታውቋት፦ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። አስፋልቱ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ብዙ ሰው በመኪና መስኮት አይቷት ይሄዳል እንጂ አይወርድባትም። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ሥራ ሳጣ ተመልሼ ወረድኩባት። በ2012 ዓ.ም. አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ጀመርኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ለሹፌሮች በፍላሽ ዘፈን እጭናለሁ።

እና ቅሬ አለ። አዲስ አበባ እድር የሚባለውን እኛ ወሎ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት የሚቆፍረው ቅሬው ነው፣ ድንኳን የሚተክለውም፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደውም። ከቅሬ የተቆረጠ ሰው ሞቱ ብቻውን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ኑሮውም ብቻውን ነው። ስለዚህ የቅሬ መዝገብ ላይ ስም መኖርና አለመኖር ቀልድ አይደለም። ወርሃዊው መዋጮ 20 ብር ብቻ ነው፤ ግን ሰው 20 ብሯን የሚከፍለው ለዚያች ቀን ነው።

የቅሬያችን ጸሐፊ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አያ እላቸዋለሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አላቸው፣ በፌስታል ጠቅልለው የሚይዙት። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ «በኮምፒውተር ይሁንልዎ» አልኳቸው። ወራት ለመንኳቸው። እሺ ያሉኝ በጥር 2013 ነው፤ ያን እሑድ መዝገቡን እቤት ትተው እንዲመጡ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ። «ሁለት ቦታ መጻፍ ለምን? ድካም ነው» ብዬ።

መብራት ማታ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «ጥር» የሚል ፋይል አለ። መጠኑ፦ 0 ባይት።

እንደገና ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ሰው ኪሱ ውስጥ የጠፋበትን ቁልፍ አሥር ጊዜ እንደሚፈልገው ያው አንድ ፎልደር ውስጥ ስገባና ስወጣ አመሸሁ።

በማግስቱ የቅሬው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ተቆጠረ፤ 1,240 ብር። ለሃያ ሲካፈል 62 ሰው። ጥሩ። ከዚያ አያ በቃላቸው የሁሉንም ስም እየጠሩ «ትናንት ከፍለሃል? ከፍለሻል?» እያሉ ጠየቁ። «ከፍያለሁ» ያለው ሰው 66 ሆነ።

አራት ሰው። ይሄ አራት የሚባል ቁጥር አሁንም ድረስ ያሳፍረኛል። አራት ሰው ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የታኅሣሥን ከጥር ቀላቅሎ ይሆናል፣ አንዷ ባሏ የከፈለ መስሏት ይሆናል። ግን ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኑ ያለውን ጎረቤት በጎን አየው። ስንት ዓመት አብረው ቀባሪ የነበሩ ሰዎች። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መብራት ኃይል አይደለም። መብራት እንደሚሄድማ እናውቃለን፤ ሁልጊዜም ይሄዳል። የዋሸው «ተመዝግቧል» ያለው ፕሮግራሜ ነው።

«የጎደለውን 80 ብር እኔ እከፍላለሁ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ «ጉዳዩ የብሩ መሰለህ?» አሉኝ።

ያኔ አንዲት እትዬ ከኋላ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው 20 ብር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እኔ ደግሞ አስታውሳቸዋለሁ! ትናንት ያንኑ ቋጠሮ ሲፈቱ፣ ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሲታገሉ፣ ሰው ሲስቅ አይቻለሁ።

«እትዬ፣ እርስዎ ትናንት ከፍለዋል እኮ። እኔ ራሴ ተቀብዬዎታለሁ» አልኩ።

«አይ ልጄ» አሉ። «ማሽኑ ካላየኝ አልከፈልሁም።»

ስድብ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ሲከፍሉ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ዝም ብለው ተነሥተው ከፈሉ፤ ሂሳቡም ገጠመ። ስብሰባው ተበተነ። እኔ ሱቄን ዘግቼ «ፋይል ለምን ባዶ ይሆናል» የሚለውን መማር ጀመርኩ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ይህን ሳላውቅ መመረቄን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ፕሮግራሜ አንድ ስም «ጻፍ» ሲባል ዲስክ ላይ አይጽፍም። የተሠራበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ የራሱ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው። የተጻፈውን እዚያ ያጠራቅምና ያኔ 8,192 ባይት ገደማ ሲሞላ ነበር ወደ ከርነሉ የሚያስተላልፈው፤ በየመስመሩ መመላለስ ጊዜ ስለሚፈጅ። የአማርኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አንድ የቅሬ መስመር ሰማንያ ባይት ቢሆን ነው። 62 መስመር አምስት ሺህ ባይት እንኳ አይሞላም። ፋይሉን የምዘጋው ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ ነበር። እንግዲህ 62ቱም ሰዎች ከፕሮግራሙ ሆድ ሳይወጡ ነው መብራት የሄደው። ከርነሉ ስማቸውን እንኳ አልሰማም።

ቀላል ነው አልኩ። በየመስመሩ ማጠራቀሚያውን እንዲያራግፍ አዘዝኩት። አሁን ግን ተምሬያለሁና ሳልሞክር አላምንም። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እንዲጽፍ አደረግሁና፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ። መልሼ ሰካሁ፣ ከፈትኩ፣ ፋይሉን አየሁ። ከመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ያህል ጎድሏል። ደገምኩት። ጎድሏል። አያ በበሩ ሲያልፉ አገኙኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ራሱ መሄዱ አንሶህ ነው አንተ የምትነቅለው?»

ይሄ ሁለተኛው ንብርብር ነው። ከርነሉ የተቀበለውን ራም ላይ ያስቀምጥና ለፕሮግራሙ «እሺ፣ ጨርሻለሁ» ይለዋል። ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀርፋፋ ነው፤ በየቃሉ ብንጠብቀው ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይንቀሳቀስም። ሊኑክስ ካልነገርነው በስተቀር ራም ላይ ያለን አዲስ ጽሑፍ ዕድሜው 30 ሰከንድ እስኪሆን ሳይጣደፍ ያቆየዋል። የእኔ ግማሽ ደቂቃ የት እንደገባ አያችሁ።

ይህን ለአያ ለማስረዳት ስሞክር ያገኘሁት ምሳሌ የመኪና ረዳት ነው። ወልድያ ላለ ዘመድ ዕቃ ትልካላችሁ እንበል። ለሚኒባስ ረዳት ትሰጡታላችሁ፣ «እሺ» ይላል። ዕቃው ደረሰ? አልደረሰም። ረዳቱ ተቀበለ እንጂ። የደረሰው ወልድያ ያለው ሰው ደውሎ «ተቀብያለሁ» ሲል ነው። እስከዚያ መኪናው ሲሪንቃ ላይ ቢበላሽስ? የእኔ ፕሮግራም ረዳቱ «እሺ» እንዳለ ለቅሬው ሰው «ደርሷል» እያለ ነበር።

ያንን የስልክ ጥሪ መጠበቂያ ትእዛዝ አለ። ኤፍሲንክ ይባላል። «ይሄ ፋይል ዲስክ ላይ እስኪገባ ድረስ አትመለስልኝ» እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ እዚያ መስመር ላይ ይቆማል፤ ከርነሉ ያለውን ይልካል፣ ዲስኩ የራሱን ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ እንዲያራግፍ ያዘዋል (አዎ፣ ዲስኩም የራሱ አለው፤ ሁሉም ሰው ኪስ አለው)፣ መልስ ሲመጣ ብቻ ይቀጥላል። በምትሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ጥቂት የሰከንድ ሽራፊ ይወስዳል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የምትዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመዞር ብቻ ስምንት ሚሊሰከንድ ያስፈልጋታል። ለባንክ ሰርቨር ብዙ ነው። ቋጠሮ እየፈቱ ለሚከፍሉ እትዬ ምንም አይደለም።

ኤፍሲንክን ጨምሬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን ያየሁት ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አለ። ደጋግሜ ነቀልኩ። አለ። ያን ምሽት ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሳቅሁ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ እያነበብኩ ስሄድ ጉድጓዱ ወደ ታች ይቀጥላል። አዲስ ፋይል ከፈጠራችሁ፣ ጽሑፉን ዲስክ ላይ ማስገባት ስሙን ማስገባት ማለት አይደለም። ስሙ የሚጻፈው ፎልደሩ ላይ ነው፤ ለፎልደሩም ለብቻው ኤፍሲንክ ማለት እንደሚያስፈልግ የሊኑክስ መመሪያ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ሬሳው ተቀብሮ መቃብሩ ላይ ስም እንዳለመጻፍ ነው። ማክ ላይ ደግሞ ተራው ኤፍሲንክ የዲስኩን የራሱን ማጠራቀሚያ አያራግፍም፤ እሱን ለማስገደድ ሌላ ጠንከር ያለ ትእዛዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 15 ኤስኤስዲዎችን ሆን ብሎ መብራት እያጠፋ ፈትኗቸው 13ቱ የሆነ ዓይነት ብልሽት አሳይተዋል። እኔ በሶኬት የሠራሁትን እነሱ በላቦራቶሪ ሠርተውታል ማለት ነው፤ ትንሽ ኮራሁ።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ማወቁም አጽናናኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤክስት ፎር የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም አዲስ በነበረበት ጊዜ ኮምፒውተራቸው ድንገት ሲጠፋ ፋይሎቻቸው 0 ባይት የሆኑባቸው ሰዎች ጮኹ። ቴዎዶር ጾ የሚባለው የፋይል ሲስተሙ ዋና ሰው መልሱ በአጭሩ፦ ጥፋቱ ኤፍሲንክ ያላለው ፕሮግራም ነው የሚል ነበር። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ «ድሮ ይሠራ ነበር እኮ» አሉ። በሕጉ እሱ ትክክል ነው። ግን እኮ ሕጉን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? እሱም ቢሆን በመጨረሻ ለተለመዱት ስሕተቶች የሚሆን ማለሳለሻ ጨመረበት፤ ይሄን ሳነብ ሰውየውን ወደድኩት። ከአምስት ዓመት በኋላ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 የታወቁ ፕሮግራሞችን መርምረው መብራት ቢሄድ መረጃ የሚያበላሹ 60 ቀዳዳዎችን አገኙ። ከነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ሥራቸው መረጃ መያዝ ብቻ የሆኑ ዳታቤዞችም አሉ።

በጣም የገረመኝ ግን የፖስትግሬስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታወቀ። ዲስኩ መጻፍ አቅቶት ኤፍሲንክ «አልቻልኩም» ሲል፣ ፖስትግሬስ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክር ነበር። ሁለተኛው ሙከራ «ተሳክቷል» ይላል። ምን ሆኖ? ከርነሉ ስሕተቱን አንዴ ከተናገረ በኋላ ያንን ገጽ «ንጹሕ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሲጠየቅ የሚጻፍ ነገር በእጁ የለም። ረዳቱ ዕቃውን ጥሎታል። አንዴ ጠየቃችሁት፣ «ጠፋ» አለ። ሁለተኛ ስትጠይቁት «በእጄ ምንም የለም፣ አድርሻለሁ» ይላችኋል። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። በ2019 መጀመሪያ ያመጡት መፍትሔ፦ ኤፍሲንክ አንዴ «አልቻልኩም» ካለ ፖስትግሬስ ሁሉን ትቶ ይወድቃል፤ ሲነሣም አስቀድሞ ከጻፈው መዝገብ ላይ ሥራውን ይደግማል። ከመዋሸት መውደቅ ይሻላል ነው ነገሩ።

«አስቀድሞ የተጻፈ መዝገብ» የሚለው ላይ ስደርስ አያን አስታወስኩ።

አያን ሲመዘግቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ግን አላየሁም። ብሩን ይቀበላሉ፤ ሣጥን ውስጥ አይከቱትም፣ በግራ እጃቸው ይይዙታል። ስሙን ይጽፋሉ። እስኪርቢቶው እንዳይነካካ ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ብሩን ሣጥን ይከታሉ። ከዚያ ብቻ ቀና ብለው «ደርሶኛል» ይላሉ። ከተሳሳቱ አይሰርዙም፣ ገጽ አይገነጥሉም፤ በአንድ መስመር ሰርዘው ጎኑ ላይ ይፈርማሉ። ሁልጊዜ ዝግተኛ ናቸው እል ነበር። ለካ አረንጓዴዋን «ተመዝግቧል» ከእኔ ይልቅ የሚያውቋት እሳቸው ናቸው። ስነግራቸው አልተደነቁም። «ሳይጻፍ ደረሰኝ የሚል ጸሐፊ ሌባ ነው፣ ወይም ነገ ሌባ ይሆናል» አሉ፤ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከየካቲት 2013 ጀምሮ ሁለታችንም መዘገብን። እሳቸው በመዝገብ፣ እኔ በኮምፒውተር። መጨረሻ ላይ እናመሳክራለን። እኛ ከውጫሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን ነው የምንኖረው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ አንድ ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ አንቀጽ 17 ላይ ባለመግጠሙ የመጣውን ጣጣ ልጅ ሆነን ሰምተን ነው ያደግነው። ሁለት ቅጂ ካልተመሳከረ አንድም ቅጂ ከመኖሩ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ከውጫሌ አለፍ ብሎ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። እዚያ የአባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባል የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወንጌል አለ፤ ውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ድሮ እንደዚህ ነበር፦ እንዳይጠፋ የሚፈለግ ነገር፣ የመሬት ስጦታም ይሁን የንብረት ዝርዝር፣ ማንም ለመንካት በሚፈራው መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፋል። የዘመኑ ኤፍሲንክ። ይሄው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል፤ ፊልሙ አዲስ አበባም አለ፣ አሜሪካ ሚኒሶታም አለ። ሰባት መቶ ዓመት የቆየ ብራና ሚኒሶታ ቅጂ ካስፈለገው የእኔ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ምን ያስፈልጋት ይሆን? ብዬ በወር አንድ ጊዜ ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ «ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋ» ይለኛል። ኔትወርክ ራሱ እንደ መብራት በሚመጣና በሚሄድበት አገር ነው የሚለኝ። በኋላማ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ጓደኛዬም ይህን ምክር ተወው።

ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ የጻፉት አሉ፣ እኔም ገና አልቻልኩም። ከውርጌሳ የወጣነው በአንድ ሌሊት ነው። አያ ከቤታቸው ይዘው የወጡት ሁለት ነገር፦ ጋቢያቸውንና በፌስታል የተጠቀለለውን መዝገብ። እኔ ፍላሹን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ደሴ ገባን። በጥቅምት ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ተሻገርን፤ ግማሹ በመኪና፣ ግማሹ በእግር።

ደብረ ብርሃን አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ፍላሹን ሰካሁት። እስከ ሰኔ ያለው ሁሉ ይከፈታል። «ሐምሌ» የሚለው ፋይል ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ወዲያው ገባኝ፤ ያን ቀን ሹፌር ይጠብቀኝ ስለነበር ገልብጬ ወዲያው መንቀሌን አስታወስኩ፣ በሥርዓቱ ሳላስወጣው። ያን ሁሉ ተምሬ! በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሐምሌ ኤፍሲንክ ተደርጎ፣ እስከ ፎልደሩ ስም ድረስ በደንብ ተጽፎ ተቀምጧል። ሃርድ ዲስኩ ግን ውርጌሳ ነው ያለው፤ ታኅሣሥ 2014 ካለፈ በኋላ ስንመለስ የሱቁ በር ተገንጥሎ አገኘነው፣ ኮምፒውተሩ የለም። አንድ ቦታ፣ የማላውቀው ሰው ቤት፣ ሐምሌ ሙሉ በሙሉ ደህና ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል።

ከመመለሳችን በፊት ግን፣ ገና ደብረ ብርሃን መጠለያ እያለን፣ እትዬ ሞቱ። ቋጠሮ ፈቺዋ እትዬ። ብርዱ ነው መሰለኝ፤ እኛ ቆለኞች ነን፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ያው ደብረ ብርሃን ነው። ከቅሬው አባላት በከተማው ያለነው ተሰባሰብን። ድንኳን የለም፣ ሣጥኑ የለም፤ ሰው ከያዘው ላይ አዋጣ። አያ ግን መዝገቡን ከፌስታሉ አወጡ። «ቅሬ በመዝገብ ነው የሚቀብረው» አሉ።

በመነጽራቸው ጎንበስ ብለው የእትዬን ገጽ ፈለጉ። እኔም በትከሻቸው ላይ አየሁ። በየወሩ 20፣ 20፣ 20 ይላል፤ እስከ ሐምሌ። ጥር ላይ ግን «20» ተጽፎ አጠገቡ በቀጭን እጅ «እና 20» ይላል። ጎኑ ላይ የአያ ፊርማ አለ።

ያን ሰኞ ስብሰባው ሲበተን እቤታቸው ሄደው መዝገቡን ከፍተው ጽፈውታል። ለማንም አልነገሩም። እኔ «ከፍለዋል እኮ» ስል ሰምተዋል፤ ሰምተው ዝም ብለው ጽፈዋል።

ከቀብሩ በኋላ ለእትዬ ልጅ የተዋጣው ገንዘብ ተሰጣት። አያ ከዚያ ለብቻ ከኪሳቸው 20 ብር አወጡ። ልጅቷ «ይሄስ?» አለች።

«ይሄ የሰው አይደለም። የቅሬው ዕዳ ነው። እናትሽ ጥር ላይ ሁለት ጊዜ ከፍላለች» አሏት። መዝገቡን አዙረው አሳዩአት፤ በመስመሩ ላይ ጣቷን አድርጋ አነበበችው።

አሁን ሱቄ እዚያው አስፋልቱ ዳር ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ፤ ባትሪው አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ መብራት ሲሄድ እኔም እንደ ሰዉ «ኤጭ» ብቻ እላለሁ። ፕሮግራሙን እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩት። አጭር ነው፣ አሮጌውን መስመር ፈጽሞ አያጠፋም፣ ከታች ብቻ ይጨምራል። አረንጓዴዋ ጽሑፍ አለች፤ የምትወጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

እሑድ እሑድ አያ በግራ እጃቸው ብሩን ይዘው፣ በቀኛቸው ጽፈው፣ ቀና ይላሉ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው አፋቸውን ያያል። እሳቸው ግን ወደ እኔ ይዞራሉ።

«ገባ?»

የላፕቶፑን የዲስክ መብራት አያለሁ። ብልጭ ትላለች።

«ቆይ አያ።»

ብሩን እንደያዙ ይጠብቃሉ።